ያረጀ ውሻን ማሰናበት፦ መቼ፣ በማን እጅ፣ የትስ ይቀበር?

ጠባሴ_ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ውሻችን ነው። ነብሮ 14 ዓመት አልፎታል፣ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያለነው ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ነው። የኋላ እግሮቹ ከከዱት ወራት አልፈዋል፤ ካስነሱት ይራመዳል፣ ሲዞር ግን ይወድቃል። ሌሊት ያቃስታል። ሽንቱን ተኝቶ ይለቃል። ዓይኑ ነጥቷል። አንድ ቀን ይበላል፣ አንድ ቀን አሽትቶ ይተወዋል፤ ውሃ ግን ከድሮው እጥፍ ይጠጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ወስዷል።

ቤት ውስጥ ሐሳብ ተከፍሏል። አንዱ «በራሱ ጊዜ ይሂድ» ይላል፣ ሌላው «ስቃዩን አሳጥሩለት» ይላል። ከጎረቤት አንዱ ዲክሎፌናክ ስጡት አለ፤ ሌላው ሥጋ ላይ መርዝ አድርጋችሁ ገላግሉት እስከ ማለት ደርሷል። ለውሻ ይህን ያህል መጨነቅ የሚያስቃችሁ ካላችሁ እባካችሁ እለፉት።

ጊዜው መድረሱ በምን ይታወቃል? እስከዚያስ ለሕመሙ ምን ይሰጣል? በመርፌ ከሆነ እዚህ አካባቢ እንዴት ይደረጋል፣ ሐኪሙን ምን ልጠይቀው? መቃብሩም አሳስቦኛል። ግቢያችን ዋልካ ነው፣ ጅብ ደግሞ በየማታው አጥር ሥር ነው።

የከብት_ሐኪም

ጋሼ ይሁኑ እትዬ ስለማላውቅ በአንቱታ ልቀጥል።

በመጀመሪያ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም እንዳይሰጡት። ሁለቱም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ለሰው ተብሎ የተሠራ አንድ ፍሬ ለ20 ኪሎ ውሻ ከልክ በላይ ነው። ዲክሎፌናክ ሌላም ጣጣ አለው። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ቆሞ ይሞታል። በህንድና በፓኪስታን ጥንብ አንሳ ሊያልቅ የደረሰው በዚህ ነው፤ ህንድም በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከልክላለች።

ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ ውሃው ነው። ጤነኛ ውሻ በቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ የእርስዎ ውሻ አንድ ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። ከ2 ሊትር ካለፈ ግን ችግር አለ፦ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የሆርሞን በሽታ። በሃይላንድ ጠርሙስ ለክተው ጠዋት ይስጡት፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረውን ይለኩ፤ ሌላ ውሻ ወይም ዶሮ እንዳይጠጣበት ለብቻው ያኑሩት። ሽንቱን ተኝቶ የሚለቀውም በእርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ የሚጠጣ ብዙ ይሸናል፣ እግሩ የደከመ ደግሞ ተነስቶ መውጣት አይችልም። ውሃ በመከልከል ሽንት ለመቀነስ የሚሞክሩ አሉ፤ ኩላሊቱ የደከመውን በሁለት ቀን ይጥለዋል።

ይህ የሕመም ማስታገሻውን ምርጫ ይወስነዋል። ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ለመገጣጠሚያ ሕመም የተለመደው ሜሎክሲካም ነው፦ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በቀን አንዴ በኪሎ 0.1። ለ20 ኪሎ ውሻ የመጀመሪያው ቀን 4 ሚሊ ግራም፣ ቀጥሎ 2 ሚሊ ግራም ነው። ፋርማሲ ያለው የሰው ፍሬ 7.5 ወይም 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የ7.5ቷ ሩብ ለአንድ ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። ሁልጊዜ ምግብ ከበላ በኋላ። ያልበላ ቀን ይዝለሉት። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ካስታወከ ወዲያው ያቁሙ። ኩላሊቱ ካጠራጠረ ግን ሜሎክሲካም ይቅር፤ ጋባፔንቲን የተሻለ ነው፣ እሱንም መጠኑን ቀንሶ ሐኪም ይወስንለት፣ የሚወጣው በኩላሊት ነውና። ጋባፔንቲን ሲገዙ እንክብሉን እንጂ ሽሮፑን አይውሰዱ፤ በአንዳንዱ ሽሮፕ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንገዳግደዋል፣ አይደንግጡ።

ክሊኒክ ወስደውት «ዴክሳ» ከተወጋ ለባለሙያው ሁሉ ይናገሩ። ዴክሳሜታዞን ለጥቂት ቀን ምግብ ያስበላል፣ ውሻው የዳነ ይመስላል፤ ከሜሎክሲካም ጋር ሲደራረብ ግን ጨጓራ ይበሳል። ውሃ መጠጣቱንም ስለሚጨምረው ልኬቱ ያሳስትዎታል።

ጊዜው መድረሱን በተመለከተ አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መመዘኛ ይጠቅማል። ሰባት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል፦ ሕመም (ትንፋሽ እዚህ ይካተታል)፣ መብላት፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ ከመጥፎው ቀን ደህናው መብዛቱ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ በእንክብካቤ መቆየት ይቻላል። ዋናው ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያላችሁት ሁሉ ሳትነጋገሩ በየግላችሁ ነጥብ ስጡና አስተያዩት። በጣም ከተራራቀ አንዳችሁ የምታዩትን ሌላችሁ አታዩም፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን የሚሰማው ሰው ነው ዝቅ የሚያደርገው።

ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ጩኸት አይጠብቁ። ሳይሞቀው ሌሊት ማለክለክ፣ አንዱን ጎን ለይቶ አለመተኛት፣ አንድ መገጣጠሚያ ደጋግሞ መላስ፣ ወገቡን ሲነኩት ዞሮ ማየት፣ ይህ ሁሉ ሕመም ነው። ማቃሰቱም እንዲሁ።

ቀጠሮ የማይጠብቁት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ተኝቶ በደቂቃ ከ40 በላይ መተንፈስ (የተኛ ጤነኛ ውሻ ከ30 በታች ነው፣ ሰዓት ይዘው የደረቱን መነሳት ይቁጠሩ)፣ የድዱ መንጣት ወይም መጥቆር፣ ሆዱ በሰዓታት ውስጥ ተነፍቶ ባዶ ማስታወክ፣ ተደጋጋሚ ማንቀጥቀጥ።

በራሱ_ጊዜ

እኔ ከመርፌው ወገን አይደለሁም፤ ዶክተሩ ያሉትን ግን አልነቅፍም። በራሱ ጊዜ ይሂድ የሚል ሰው ሥራው እጥፍ መሆኑን ማወቅ አለበት። ጥግ አስተኝቶ መተው በራሱ ጊዜ መሄድ አይባልም።

መኝታውን በበግ ለምድ ያድርጉት፤ ጠጉሩ ወደ ላይ፣ ሥሩ አራት ጣት ያህል ጭድ። ከለምዱ የወረደውን ሽንት ጭዱ ይመጠዋል፣ ጭዱን በየቀኑ መቀየር ነው። ሁለት ለምድ ቢኖር አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ ከተኛ ዳሌውና ክርኑ ይቆስላል፤ የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ከመኝታው እስከ በሩ ጆንያ አንጥፉለት፤ ተነስቶ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከድካም ሳይሆን ከመንሸራተት ነው።

ለማስነሳት ብብቱን አትሳቡት። ነጠላ ወይም መቀነት አራት እጥፍ አድርጋችሁ ከኋላ እግሮቹ ፊት፣ በሆዱ ሥር አሳልፉና ሁለቱን ጫፍ ከወገቡ በላይ ያዙ። እናንተ የምትሸከሙት የኋላውን ብቻ ነው፣ በፊት እግሮቹ ራሱ ይሄዳል። ወንድ ስለሆነ መቀነቱ ሽንት መውጫውን እንዳይጫነው ወደ ጭኑ ጠጋ ይበል። ፈጽሞ መነሳት ካቃተው በየአራት ሰዓቱ፣ ቢቻል ከዚያም ባነሰ ጊዜ ጎኑን መቀየር ነው፤ ሌሊትም ጭምር። ይህን ማድረግ የማይቻልበት ቤት ከሆነ ወደ ዶክተሩ ሐሳብ መሄድ ይሻላል፤ የመኝታ ቁስል ከሞት የከፋ ነው።

ከጅራቱ ሥርና ከጭኑ መካከል ያለውን ጠጉር በመቀስ አሳጥሩት። ለብ ባለ ጨው ውሃ (ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው) አጥቡ፣ አድርቁ፣ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሽንት የነካው ቆዳ ይላጣል፣ ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል፣ በቆላው በኩል፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል።

ምግቡ ለብ ይበል፤ የሞቀ ምግብ ሽታው ይበረታል፣ ያረጀ አፍንጫ ይቀሰቅሳል። የበግ ሾርባ በሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ወጥ ግን አይሆንም። የሚጎዳው በርበሬው ይመስላችኋል፤ ዋናው ሽንኩርቱ ነው፣ የውሻን ደም ያፈርሳል። ትንሽ ትንሽ በቀን አራት ጊዜ። ጎሮሮው ላይ በግድ አታንቆርቁሩ፤ ወደ ሳንባው ከገባ ሌላ በሽታ ጨመራችሁበት።

የሚሞትበት ቀን ሲቀርብ መብላትም መጠጣትም ያቆማል፣ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ ይራራቃል። ያን ጊዜ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይበቃል። ትንፋሽ እያጠረው አንገቱን ዘርግቶ መተኛት ከፈራ ግን እኔም የምለው ሐኪም ይጠራ ነው። በአፈና መሞት በራሱ ጊዜ መሄድ አይደለም።

የከብት_ሐኪም

ከ«በራሱ ጊዜ» ጋር የምለያየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀኑን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ሐኪም በሌለበት። መርዝና ዱላ የሚመጣው ያኔ ነው።

መርዙን አስመልክቶ አጭር መልስ ልስጥ። ለባለቤት አልባ ውሻ ሲበተን የኖረው ስትሪክኒን ውሻውን አያስተኛም፤ ጡንቻውን ሁሉ ያኮማትራል፣ አእምሮው ግን እያወቀ ነው፣ የሚሞተው መተንፈሻ ጡንቻው ታስሮ ነው። ሬሳውን የበላም ይሞታል። ይህን ለጠላትም አያድርጉት።

በመርፌ ሲሆን ደረጃው እንዲህ ነው። የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በአብዛኛው ለከብትና ለበግ የተደራጀ ስለሆነ አስቀድመው ሄደው «ለውሻ ሙሉ ማደንዘዣ አላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህች ጥያቄ ሁሉን ታወጣለች። ፔንቶባርቢታል ካለ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ራሱ ያደነዝዛል፣ ራሱ ልብና ትንፋሽ ያቆማል። ከሌለ ዛይላዚንና ኬታሚን በጡንቻ ተሰጥቶ፣ ወይም ታዮፔንታል በደም ሥር ተሰጥቶ ውሻው ፈጽሞ ሲደነዝዝ፣ ልብ የሚያቆመው ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር ይከተላል።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚሠራው። ዛይላዚን ብቻውን ያንጋልላል እንጂ አያደነዝዝም። በዛይላዚን የተጋደመ ውሻ ላይ ፖታሲየም መስጠት እያወቀ ልቡን ማቆም ነው፣ ደም ሥሩንም ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሁለተኛው መርፌ ከመግባቱ በፊት ባለሙያው የእግር ጣቱን መሃል በመቆንጠጫ ይጫነው፤ እግሩን ከሳበ ወይም ትንፋሹ ከተለወጠ ገና ነው። «እስኪ ጣቱን ይዩልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ማደንዘዣ የለም የሚል ክሊኒክ ከገጠምዎ ሌላ ይፈልጉ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የውሻ ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም የሕክምና ክፍል አለው። ሆኖም የታመመ ሽማግሌ ውሻ ያን ያህል መንገድ ከሚንገላታ መድኃኒቱ ቢመጣ ወይም ባለሙያው ቤት ቢመጣ ይሻላል።

ክብደቱን በትክክል ይንገሩ። እህል መመዘኛ ካለ ውሻውን አቅፈው ይመዘኑ፣ ከዚያ የራስዎን ይቀንሱ። በግምት የተሰጠ ማደንዘዣ ካነሰ ውሻው ግማሽ ነቅቶ ይንገዳገዳል።

በቦታው ከቆሙ ምን እንደሚያዩ ይወቁ። ዛይላዚን ያስታውካል፣ ስለዚህ በባዶ ሆዱ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ውሃ ግን አይከልከሉት። ከጡንቻ መርፌው በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጸጥ ባለ ቦታ ይተው፤ ጫጫታ ካለ መድኃኒቱ ይዘገያል። የፊት እግሩ ጠጉር ይላጭና ካኑላ (መድኃኒቱ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ) ደም ሥሩ ውስጥ ይገባል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ትንፋሹ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይቆማል፣ ልቡ በጥቂት ደቂቃ። ዓይኑ አይከደንም። ሽንትና ሰገራ ሊለቅ ይችላል። ከሞተ በኋላ አንድ ሁለቴ ሳብ አድርጎ የሚተነፍስ ሊመስል፣ ጡንቻውም ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህ የነርቭ ቅሪት ነው፣ ውሻው የለም። ሐኪሙ ልቡን በማዳመጫ እስከ አምስት ደቂቃ ያዳምጥ፣ ዓይኑን ሲነኩትም አይንቀሳቀስም። ይህ ሳይሆን አይሸፈን።

ሰዓቱን ጠዋት ያድርጉት። አንድ ነገር ቢጎድል ቀን አለዎት፣ መቃብሩም በብርሃን ይዘጋል።

ዶማና_አካፋ

ስለ ጉድጓዱ እኔ ልበል።

ጉድጓዱ ከመርፌው ቀን በፊት ይቆፈር። ዋልካ በበጋ ዶማ ይመልሳል፤ ከዋዜማው ማታ ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ አፍስሳችሁበት ካደረ ይገራል። ክፍቱን እንዳታሳድሩት፣ በሳንቃ ክደኑት፤ በግም ልጅም ይገባበታል።

ለ20 ኪሎ ውሻ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ10፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ጠርዙን በዙሪያው 20 ሳንቲ ገደማ እርከን አስወጡለት፤ የላዩ ሰፊ፣ የታቹ ጠባብ ይሆናል። እርከኑ የሚጠቅመው ጠፍጣፋ ድንጋዩ በሬሳው ላይ ሳይሆን በአፈሩ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ ነው። ድንጋይ ከላይ ብቻ መከመር ጅብን አያግድም፤ ከጎን ጀምሮ ነው የሚምሰው። መሃል ላይ ከጉድጓዱ የሰፋ የድንጋይ ክዳን ካገኘ ግን ይተዋል።

ቅደም ተከተሉ፦ ውሻው በአሮጌ ጋቢ ወይም አንሶላ ተጠቅልሎ ይግባ። በማዳበሪያ ወይም በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ አፈር ስለማይነካው ሳይበሰብስ ዓመት ይቆያል፣ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ሽታው አንድ ቀን ፈንድቶ ይወጣል። እላዩ ላይ እስከ እርከኑ አፈር፣ በእግር ተረግጦ። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠርዝ በጠርዝ እየተደራረበ፣ ክፍተቱ በጭቃ ተመርጎ። ከዚያ ቀሪው አፈር፣ ከመሬት በላይ 30 ሳንቲ እስኪሆን ተቆልሎ፣ ምክንያቱም ይሰምጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀጋ ቅርንጫፍ ከምሩበት።

የዋልካ መዘዝ ኋላ ነው የሚመጣው። በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሽታውም በዚያው ይወጣል። ስለዚህ ከጥር እስከ ግንቦት እየዞራችሁ ስንጥቁን በደቃቅ አፈር ሙሉት። በክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ውሃ ይይዛል፤ ጉድጓዱ ከሥር ውሃ ካመነጨ እዚያ አትቅበሩ፣ ወደ ተዳፋቱ ውጡ። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ሁልጊዜም ከውሃው በታች በኩል።

ኖራ? ሬሳ ቶሎ ያበሰብሳል የሚባለው ልክ አይደለም፤ እንዲያውም ያዘገየዋል። ሽታ ለመቀነስ ስስ አድርጎ መበተን ይቻላል፣ ግን አፈሩ በቂ ከሆነ አያስፈልግም።

ወደ መንዝ በኩል ያላችሁ፣ መሬቱ አለት ሆኖባችሁ ከ60 ሳንቲ ካላለፈ፣ የጎደለውን በካብ አሟሉት፦ ሁለት ሰው የሚያነሳው ድንጋይ ከሥር፣ መሃሉ በጭቃና በአፈር የተሞላ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት። ባዶ ካብ አይሆንም፣ ነፋስ ካለፈበት ሽታ ያልፍበታል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ሬሳው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። እግሮቹን ሳይደርቅ ወደ ሆዱ እጠፉ፣ አለዚያ የተቆፈረው ጉድጓድ ይጠባል፣ ሰውም ለማጠፍ ይታገላል፣ እሱን ማየት ደግሞ ከባድ ነው። ማታ ከሞተ ደብረ ብርሃን ላይ በተዘጋ ቀዝቃዛ ክፍል ማደር ይችላል። ቆላ ከሆናችሁ ግን በዚያው ቀን።

የጓሳ_ዳር

ማንም ያላነሳውን ልጨምር።

ነብሮ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የደከመው፣ ተከትቧልም፤ ስለዚህ ጉዳዩ እርጅና ነው። ይህን ውይይት የሚያነብ ሌላ ሰው ግን የእሱ ውሻ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ተለውጦ ከሆነ፣ ማለትም ድምፁ ጎርንኖ፣ አገጩ ወድቆ፣ ለሀጩ እየወረደ፣ መዋጥ አቅቶት፣ እየተንገዳገደ ከሆነ፣ እርጅና አይበለው። «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅ አፉ ውስጥ መክተት ነው ብዙ ሰው ያስያዘው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ምልክቱ ከታየ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ይሞታል።

ሰው ከነከሰ ወይም ቁስል ከላሰ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጠበል ከፈለጉ ክትባቱን ከጀመሩ በኋላ ይሂዱ። ውሻውን ጭንቅላቱን አትምቱ፤ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረምራል፤ ናሙናውን ጓንት ያደረገ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያንሳ፣ በበረዶ ይሂድ። ጤነኛ የሚመስል ሽማግሌ ውሻ እንኳ በሕመም ተነጫንጮ ሰው ከነከሰ፣ 10 ቀን ታስሮ ሳይታይ በመርፌ አታሰናብቱት፤ ምልክት ሳይታይበት አሥሩን ቀን ካለፈ የተነከሰው ሰው ከስጋት ይወጣል።

ሌላው የእኛ የጓሳ፣ የመንዙ ደጋ፣ ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ገደማ አይበልጥም፣ ከቀሩት ጥቂቶቹ እዚሁ ጓሳ ናቸው። የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፦ እብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ የቫይረስ በሽታ። ባሌ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ዲስተምፐር ጎድቷቸዋል፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ስለዚህ የሞተ ውሻ ገደል መጣል ወይም ሜዳ ላይ መተው በእኛ በኩል አይሆንም። በፔንቶባርቢታል የሞተ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ መድኃኒቱ በሬሳው ውስጥ ለወራት ሳይጠፋ ይቆያል፣ የበላው ጥንብ አንሳም ጅብም ይተኛና አይነሳም። ጥልቅ መቃብር ማግኘት የማይቻል ከሆነ ሐኪሙን በማደንዘዣና በፖታሲየም እንዲያደርገው ጠይቁት፤ የሚተወው መርዝ ያንሳል። መቅበሩ ግን አይቀርም።

ጠባሴ_ሰፈር

እግዜር ይስጥልኝ። ውሃውን ለካሁት፣ ከሁለት ሊትር በልጧል፤ ስለዚህ ሜሎክሲካሙን ትቼዋለሁ። ጉድጓዱን ከቤቱ ጀርባ ተዳፋቱ ላይ እናስጀምራለን። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የሰባት ዓመት ልጅ አለን፣ ሌላ ወጣት ውሻም አለን። ለእነሱስ?

በራሱ_ጊዜ

ለልጁ «ሞተ» በሉት። «ጠፋ» ወይም «ገጠር ሄደ» ከተባለ በየቀኑ በሩ ላይ ይጠብቃል፣ ወይ ሊፈልግ ይወጣል። «ተኛ»ም አትበሉት፣ ማታ መተኛት ይፈራል። መርፌውን ማየት የለበትም፤ ሲቀበር ግን ከፈለገ አፈር ያልብስ። ለውሻ አይለቀስም የሚለው ዘመድ ካለ በዚያ ቀን ባይጠራ ይሻላል።

የከብት_ሐኪም

ወጣቱ ውሻ ከመቀበሩ በፊት ቀርቦ ያሽትተው፤ ማስገደድ ግን የለም። ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ሊቀንስ፣ የሞተው የሚተኛበት ቦታ ላይ ሊተኛ ይችላል። ውሃ እስከጠጣ ድረስ አያሳስብም፤ ከሦስት ቀን በላይ ካልበላ ሌላ በሽታ ይመርመር።

ሬሳው ሲቀዘቅዝ ቁንጫና መዥገር ለቆ ይወጣል፣ የሚሄደውም ወደ ቅርቡ እንስሳ ነው። ስለዚህ ጭዱ በዚያው ቀን ይቃጠል፣ ለምዱ በሳሙና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ወጣቱ ውሻም የቁንጫ መድኃኒቱ አስቀድሞ ይደረግለት። ሬሳውን የሚያነሳ ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጥሬ የበግ ሳንባና ጉበት ሲበላ የኖረ ውሻ ጠጉሩ ላይ የኮሶ እንቁላል ሊኖር ይችላል፣ ያ እንቁላል ሰው ሆድ ከገባ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ለወጣቱም ጥሬ ሳንባ መስጠት እዚህ ላይ ይቁም፣ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የኮሶ መድኃኒት በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጠው።

ከ2 ሊትር በላይ ከጠጣ የደም ምርመራውን አያዘግዩ። ክሬአቲኒኑ (የኩላሊትን መድከም የሚያሳየው የደም ልኬት) በጣም ከፍ ካለ ጋባፔንቲኑም በትንሹ ነው፣ የስንብቱንም ቀን ከዚህ ሳምንት አያሻግሩት። ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ የለኩትን ውሃ፣ የበላበትንና ያልበላበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ይያዙ።